በአሪየት ድምፅ የመጣብኝ ሕመም

ጋምቤላ ውስጥ የሚታመም ሰው መጀመሪያ ወባ ነው። ራስህን ካመመህ ወባ፣ እንቅልፍ ከነሳህ ወባ፣ ሚስትህ ፊት ከነሳችህም ሳይሆን አይቀርም ወባ። እኔ የሥራ ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ስትሰድበኝ እየሰማሁ፣ ክሊኒክ ሄጄ «ራሴን ይከብደኛል» ስል የተሰጠኝ የወባ ኪኒን ነው። የደም ምርመራው የለም ይላል። «አንዳንዴ ይደበቃል» አሉኝና አስዋጡኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ደገሙኝ።

ዘሃራ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ አካባቢ መሬት የተሰጣቸው ገበሬዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ሐዘኔታማ ጠግቤያለሁ። የምጽፈው እንደኔ ጆሮው ውስጥ ሰው የገባበት ካለ፣ ቤተሰቡ የኔ ቤተሰብ የሠራውን፣ እሱም እኔ የሠራሁትን እንዳይሠራ ነው።

ልጅ ሆኜ አብሬያቸው የተጫወትኩት ከመንደራችን ማዶ ከነበሩት የአኝዋክ ልጆች ጋር ስለሆነ አኝዋክኛን እንደ አፍ መፍቻዬ እናገራለሁ። እማዬ በአኝዋክኛ ስስቅ ከሰማችኝ «በሰው አፍ ምን ያስቅሻል?» ትለኝ ነበር። ከተማ ገብቼ ገበያው ውስጥ የስፌት ቦታ ስከፍት አጋር የሆነችኝም አሪየት የምትባል አኝዋክ ሴት ናት። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። አብዛኛው ሥራችን የተማሪ ዩኒፎርም ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቆርቆሮ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ ቤታችንም ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ስትቸኩል ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች። በራሷ ቋንቋ ግን እሷን የሚረታ አፍ አልነበረም። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እያማችልኝ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። እህቴ ነበረች ብል ትንሽ ነው፤ ከእህቶቼ ጋር እንደዚያ አውርቼ አላውቅም።

ሕመሙ የጀመረኝ በስፌት ማሽኑ ነው። የእግር ማሽን ነው ያለኝ። ስረግጠው ከድምፁ ሥር ሰው የሚያወራ ይመስለኝ ጀመር። ሳቆም ያቆማል። ስረግጥ ይቀጥላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ማሽኑ ቢቆምም ወሬው አልቆም አለ። ድምፁ የአሪየት ነው፣ ቋንቋው አኝዋክኛ ነው፣ ወሬው ስለኔ ነው። «ክሩን አስገባች። እዩዋት፣ አሁን ደግሞ ምራቋን ዋጠች። ይቺ ቆሻሻ። እጇን እዩት።» ቀና ስል አሪየት አፏን ገጥማ ጨርቅ ትለካለች። አፏን ሳትከፍት መሳደብ የቻለች መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ትቀጥላለች፤ ጎረቤቴ ናትና ምንም አልገረመኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ጆሮ ግን ከባለቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ወባው አልፎ ታይፎይድ ሆንኩ። ታይፎይዱ አልፎ ጆሮዬን በውሃ አጠቡልኝና የወጣውን ኩክ በዕቃ አድርገው አሳዩኝ፣ «ይሄው ጠላትሽ» ብለው። ኩኩ ወጣ፣ ስድቡ ግን ጠርቶ ይሰማኝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንድ የጤና መኮንን በደንብ ጠየቀኝ፦ «ሰው በሌለበት ድምፅ ትሰሚያለሽ?» «ኧረ በጭራሽ» አልኩት። ወላሂ አልዋሸሁም። እኔ ድምፅ አልነበረም የምሰማው፤ አሪየትን ነበር። አሪየት ደግሞ ነበረች፣ እዚያው አጠገቤ። ልጁ «ጭንቀት» ብሎ ጻፈና የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኝ። እንቅልፉ መጣ። እሷም እንቅልፌ ውስጥ መጣች።

ከስቼ፣ መብላት ትቼ ሳለ እማዬ ከአቦቦ መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ በሚከትበት ሰዓት፣ ስድቡ ሲጀምር «ይኸው! ስሚያት!» አልኳት።

«ማንን?»

«አሪየትን ነዋ!»

እማዬ ተነስታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ብዙ ቆየች። «ምንም የለም» አለች። ከዚያ ወደ በር ወጥታ ተመለሰች። «ሴትዮዋ ጭራሽ ቤቷም የለች። ተቆልፏል።» ያኔ ነበር አንድ ሰው «ልጄ ታማለች» ማለት የነበረበት። እማዬ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፦

«በምን ቋንቋ ነው የምትናገርሽ?»

«በአኝዋክኛ ነው እንጂ በምን ልትናገረኝ ኖሯል?»

«አለቀ!» አለች እጇን አጨብጭባ። «ለኔ ሳይሰማ ላንቺ ብቻ ከተሰማ የተላከ ነገር ነው። ቋንቋው የነሱ ከሆነ ላኪዋም እሷው ናት። ጅኑ ራሱ አኝዋክ ነው!»

ይሄ ስህተት እዚህ አገር ካልሆነ የትም አይሠራም። ቋንቋውን የማውቀው እኮ እኔ ነኝ። ጭንቅላቴ ሲታመም የሰደበኝ ቀኑን ሙሉ በሚያወራበት ቋንቋ ነው፣ በለመደው ሰው ድምፅ። እኛ ሰፋሪዎች ግን ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረንም፣ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ቋንቋውን እንሰማለን፣ ከዚያ ጥፋተኛውን እዚያ ሰፈር ሄደን እንፈልጋለን። እነሱም ስለኛ እንዲሁ ናቸው። እኔም ታምሜ ቢሆን እንኳ የእማዬ ወሬ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ለስቃዬ ስም አገኘሁለታ።

ወንድሜ ሰይድ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ደሙ ቶሎ የሚፈላ። በነጋታው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገበያ መጣ። አሪየት መቀሷን ይዛ ቆማለች። «እህቴን ልቀቂያት» አላት። ምን እንደሚላት አልገባትም። ወደኔ ዞራ በአኝዋክኛ «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ገበያተኛው ተሰበሰበ፣ የኛ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የነሱ ሰዎች በሌላ በኩል። ነገሩ ለድንጋይ ጥቂት ነበር የቀረው። አንድ ሽማግሌ ሳይቃጠል በቅጠል ብለው መሀል ገቡና «ትማልና ይብቃ» አሉ።

እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አወጣች። በሁለት እጇ ይዛ፣ መጀመሪያ በአኝዋክኛ፣ ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ማለች፦ «እኔ ዘሃራ ላይ ምንም ነገር አላደረግሁም። አደረግሁ ከሆነ ልጆቼን አልይ።» ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአሪየት ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣና «ዋሽቼ ነው የማልኩት» አለኝ፣ እየሳቀ።

እኔም ጮህኩ። «ዋሸሁ አለች! ዋሽቼ ነው የማልኩት አለች! ሰማችሁ? በአላህ አልሰማችሁም?»

ማንም አልሰማም። አሪየት አየችኝ። ቁጣ ፊቷ ላይ አልነበረም፤ ሰው የሞተበት ሰው ነበር የምትመስለው። ከዚያ የልጆቿ ስም በ«ጠንቋይ ልጅ» ተለወጠ። በሳምንቱ ቤቷን ለቅቃ፣ ልጆቿን ይዛ እህቷ ወዳለችበት ፑኝዶ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የአኝዋክ ደንበኞቼም ቀሩ። የመጡትም ቢሆኑ፣ አኝዋክኛ እንደማውቅ እያወቁ በአማርኛ ነበር የሚያናግሩኝ።

ሄደችልኝ አይደል? ድምፁስ? ድምፁ ጭራሽ ባሰበት።

እማዬ አቦቦ ወሰደችኝና አንድ ሸህ ለሃያ ቀን ቁርኣን ቀሩብኝ። ስለሳቸው ክፉ አልናገርም። በሃያኛው ቀን እማዬን ጠርተው «እኔ ዱአዬን አላቋርጥም፤ ልጅቷን ግን ለሐኪም አሳዩ። ጅን ከሆነም ሐኪም አይጎዳውም» አሏት። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰማሁት ምክር ሁሉ የተሻለው ይሄ ነበር። እማዬ እምቢ እንዳትል አፏን የዘጉት እሳቸው ናቸው።

ጅማ ሄድን። የአእምሮ ሕክምናው መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። እዚያ አግዳሚ ላይ ሰው ሰውን አያይም፣ ሁሉም የጫማውን ጫፍ ነው የሚያየው። እማዬ በሻርፗ ፊቴን ልትሸፍንልኝ ትሞክራለች፣ የሚያውቀን ሰው ከጋምቤላ ቢመጣስ ብላ። እኔ ደግሞ ተራዬ ሲደርስ የማስረዳው ነገር ተደርድሮ ተዘጋጅቷል፤ ሐኪም ሳይሆን ዳኛ ጋ የምገባ ነበር የመሰለኝ።

ሐኪሟ ሴት ናት። ሁሉንም አስጨርሳኝ ነው የጠየቀችኝ።

«አሪየት አሁን የት ናት?»

«ፑኝዶ።»

«አሁን፣ እዚህ ተቀምጠሽ፣ ትሰሚያታለሽ?»

«አዎ፣ እየሰደበችኝ ነው።»

«ከፑኝዶ እስከ ጅማ?»

ትንሽ አሰብኩና «ድምፅዋ ትልቅ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። አላህ ይስጣት። እኔ ብሆን እስቅ ነበር። «ዘሃራ፣ የምትሰሚውን አምንሻለሁ» አለችኝ። «መስማቱን በእርግጥ ትሰሚያለሽ። ግን ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አይደለም፤ አንጎልሽ ነው የሚያወጣው። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል።» ለእማዬም በቀስታ አስረዳቻት። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «እብድ ናት ማለት ነው?» «ሕመምተኛ ናት ማለት ነው» አለቻት።

መድኃኒት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ማንንም አላታልልም፤ መድኃኒቱ ረድቶኛል፣ ዋጋም አስከፍሎኛል። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የልብስ ሰፊ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምን ማለት እንደሆነ ሰፊ ያውቀዋል፤ የምሰፋው ኮሌታ ሁሉ እባብ የሄደበት ይመስል ነበር። ለሀጬ ሳላውቀው ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ወፈርኩ። ቀኑን ሙሉ እተኛለሁ። ሰይድ «ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ማደንዘዣ?» እያለ ከእማዬ ጋር ይጨቃጨቃል።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ያው ድምፅ መጣና «ዋሽቼ ነው የማልኩት» አለኝ። እኔም ምንም ሳላስብ፣ ለራሴ፣ «አሪየት እኮ ፑኝዶ ናት» አልኩ። እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ቆመ። አሪየት እዚህ የለችም። አልነበረችም። ያን ቀን ገበያ መሀል መጽሐፍ ይዛ ቆማ የማለችው እውነቷን ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። እዚያው ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እማዬ «ድምፁ ነው?» ብላ ሮጣ መጣች። «አይደለም» አልኳት፣ «ድኜ ነው።»

አልዳንኩም ነበር። መድኃኒቱ «አሪየት ናት» የሚለውን እምነቴን ወሰደልኝ እንጂ ድምፁን ተወልኝ። የሷ እንዳልሆነ እያወቅሁ በሷ ድምፅ መሰደብ ጀመርኩ። ሐኪሟ መድኃኒት ቀየረችልኝ፣ ደግማም ቀየረች። ሦስተኛው በየጊዜው የደም ምርመራ የሚፈልግ ነው፤ መንገዱ እየተዘጋ እሱን መከታተል አልቻልኩም።

አንድ ቀን ቁጥሯን አፈላልጌ ደወልኩላት። «ሃሎ» አለች። እሷው ናት። ወዲያው ሌላኛዋም «ሃሎ» አለች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ስድቡን ጀመረች። ሁለት አሪየት በአንድ ጆሮ። አንዷ «ማን ነው?» ትላለች፣ አንዷ «አንቺ ቆሻሻ» ትላለች፣ ሁለቱም በአኝዋክኛ ነው፣ ለየትኛዋ እንደምመልስ ጠፋኝ። ዘጋሁት። ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ትዳር አይደለም፣ ሥራ አይደለም። አሪየት ፊት ቆሜ ይቅርታ እስክጠይቃት፣ የምትመልስልኝን መልስ ብቻውን እስክሰማው ድረስ ጭንቅላቴ ጸጥ ይበልልኝ አልኩ።

የጅማዋ ሐኪም ስለ ማግኔት ሕክምና የነገረችኝ ይሄን ከሰማች በኋላ ነው። አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ማሽኑን አስገብቷል አለችኝ። አንጎል ውስጥ ንግግር የሚሰማ ክፍል አለ፣ ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ፤ አንቺ ጋ ማንም ሳያወራ እሱ ይሠራል፤ ማግኔቱ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ በዝግታ እየመታ እንዲበርድ ያደርገዋል፤ አይቆርጥም፣ አያደነዝዝም አለች። «ግን ስሚኝ፣ ፈውስ ነው አልልሽም። አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም አይረዳም። የረዳውም ሰው ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ሊመለስበት ይችላል። መድኃኒቱንም አታቆሚም።»

ሰይድ ሲሰማ «ማግኔት? ስፒከር ውስጥ ያለው?» አለ። እማዬ ደግሞ በደሜ ያለውን ብረት ስቦ ያወጣብኛል ብላ ፈራች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እንሂድ አልኩ። ሰይድ ባጃጁን ሸጠ። ማንም አላዘዘውም። ከሸጠ በኋላ ግን ስለ አሪየት አንድ ቃል አልተናገረም፤ ዕዳውን በባጃጁ የከፈለ ሳይመስለው አልቀረም።

አዲስ አበባ በብርድ ገደለችኝ። የጋምቤላ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አያውቅም። ክሊኒኩ ሳይከፈት ስለምደርስ የበሩ ጥበቃ «አንቺ የበረሃዋ» እያለ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ዱካ ያወጣልኝ ነበር። ውስጥ ያለው መጠበቂያ ሶፋ ነው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ ሰዎቹ ሽቶ ይሸታሉ። ግን እነሱም የጫማቸውን ጫፍ ነው የሚያዩት።

«ራስሽ ውስጥ ብረት አለ? የሚጥል በሽታ ነበረብሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የጆሮ ጌጤን አወለቅሁ። ሹሩባዬን አስፈቱኝ፣ ዕቃው ራሴ ላይ በደንብ እንዲያርፍ። ጆሮዬን በስፖንጅ ደፈኑልኝ። ዕቃው የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነው። መጀመሪያ ኃይሉን ለመለካት ጭንቅላቴን አንድ ቦታ ላይ መታ ሲያደርጉት የቀኝ እጄ አውራ ጣት ዘለለ። እኔ አላዘዝኩትም! ዳግመኛ መቱ፣ ዳግመኛ ዘለለ። ሥጋዬ የኔ አለመሆኑን በዓይኔ አየሁት። ፈራሁ፣ ግን አንድ ነገርም ገባኝ፦ ከውጭ በሚመጣ ነገር ጣቴ ከዘለለ፣ ድምፁስ ከውስጥ ተነስቶ ለምን አይዘልም?

ከዚያ በግራ ጆሮዬ በላይ አስጠጉትና ጀመሩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በየሰከንዱ አንድ። ሰው በጣቱ ጥፍር እንደሚያንኳኳብህ ነው፤ የመንጋጋዬ ሥጋ አብሮ ይርገበገባል። ሃያ ደቂቃ። ስጨርስ ራሴን አመመኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። ድምፁ ጭራሽ በማሽኑ ላይ ያፌዝ ነበር፦ «እዩዋት፣ ጭንቅላቷን ልታሰፋ መጣች።» በሁለተኛው ሳምንት ዓረፍተ ነገሩ ያጥር ጀመር። ከጆሮዬ ሥር ወጥታ ግድግዳ ማዶ ሄደች። ከዚያ መንገድ ማዶ። በሦስተኛው ሳምንት፣ አሥራ አራተኛው ቀጠሮዬ መሰለኝ፣ ከክሊኒኩ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ የሆነ ነገር ጎደለኝ። የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላል፣ ሌላ የለም። ከአራት ዓመት በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቀጥሎ ግን ባዶ ቤት እንደገባ ሰው ሆንኩ።

የክሊኒኩ ሐኪም ሕክምናውን ስጨርስ «መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም» ስላለኝ ጋምቤላ ደርሼ አላረፍኩም። ጸጥታው ሳያልቅብኝ ፑኝዶ መድረስ አለብኝ። ሰይድን «ና አብረን እንሂድ» አልኩት። ወደ መሬት አየ። «አንቺ ታመሽ ነበር ትያለሽ» አለ። «እኔ ምን ነበርኩ እላለሁ?» እውነቱን ነው። ቀረ። ስኳርና ሳሙና ይዤ ብቻዬን ሄድኩ።

አሪየትን ያገኘኋት ወደ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጨርቅ ስትቆርጥ ነው። አየችኝ። መቀሷን አላስቀመጠችም። በአኝዋክኛ ሰላም አልኳት፤ ማግኔቱ ሥር ተቀምጬ ያዘጋጀሁትን ሁሉ በአኝዋክኛ ነገርኳት። መታመሜን፣ ድምፁን፣ ያን ቀን የማለችው እውነት እንደነበር፣ እንድትምረኝ። አስጨረሰችኝ። ከዚያ ተናገረች። የአሪየት ድምፅ፣ እውነተኛው፣ ብቻውን። ወላሂ ይቅር ባትለኝም ለሱ ብቻ ስል እመጣ ነበር። ግን የተናገረችው በአማርኛ ነው።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። አማርኛ ከደንበኛና ከፖሊስ ጋር ነው የምታወራው። ከኔ ጋር አውርታው አታውቅም።

«ሰዎች ፊት አስማልሽኝ» አለች። «ልጆቼ አዩ። እናታቸው ጠንቋይ ተባለ። ቤቴን ተውኩ። አንተ ታመምክ፣ እሺ። ወንድምሽስ? እሱም ታመመች?»

አንገቴን ደፋሁ።

ጆሮዬን በጣቷ እያሳየች «አሁን ይሰማል?» አለች።

«አሁን ዝም ብሏል። ሐኪሞቹ ግን ሊመለስ ይችላል ብለዋል።»

«ሲመለስ፣ እኔ ነው?»

«ድምፁ ያንቺ ነው።»

«በእኛ ቋንቋ?»

«አዎ።»

መቀሷን ያኔ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ስማኝ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ አንቺ ጋር አኝዋክኛ አላወራም። እስከ ሞት አላወራም። አማርኛ ብቻ። ጆሮሽ አኝዋክኛ ሰማ ከሆነ፣ ድምፅ የኔ ቢሆንም፣ አሪየት አይደለም። እሱ በሽታ ነው። አማርኛ ከሆነ፣ እኔ ነኝ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኳት፣ በአኝዋክኛ።

«በአማርኛ በል።»

«ገባኝ» አልኩ።

ድምፁ ከአምስት ወር በኋላ ተመለሰ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ሩቅ ነው፣ አጭር ነው፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው። ሕክምናው መደገም ይችላል ይላሉ። ማሽኑ አዲስ አበባ፣ ጭንቅላቴ ጋምቤላ፣ ባጃጁ የተሸጠ፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ እጄ ተሽሎታል፣ ኮሌታዬ ቀንቷል። ቤታችሁ ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው ካለ ስታስታምሙት «በማን ድምፅ ነው? በምን ቋንቋ ነው?» ብላችሁ ጎረቤት አትፈልጉ፤ ሐኪም ፈልጉ። ማግኔቱንም ካገኛችሁት ሞክሩት፤ ግን ተአምር ነው የሚላችሁን አትመኑ።

የአሪየት መላ ይሠራል። ድምፁ «ዋሽቼ ነው የማልኩት» ሲለኝ «በአማርኛ በል» እለዋለሁ። እስካሁን አልቻለም። የሚችልበት ቀን እንዳይመጣ እፈራለሁ።

እሷ ፑኝዶ ቀርታለች። ጁምዓ ጁምዓ ትደውልልኛለች። «ዘሃራ፣ በላህ? መድኃኒት ዋጥሽ? እሺ፣ ቻው።» ቃል አልቆባት ሳይሆን አማርኛዋ ከዚያ በላይ ስለማያስኬዳት ነው። ሰውን ሁሉ እያማች የምታስቀኝ ሴት አሁን ለኔ ያላት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ገበያ ውስጥም ማንም በአኝዋክኛ አያናግረኝም። ልጅ ሆኜ የሳቅሁበት ቋንቋ ነው፤ ዛሬ በሱ የሚያወራኝ በሽታዬ ብቻ ነው።